«ሰፈራችን ታሪክ የለውም»፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የተጻፉት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲሆን፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ጉዳይ ጠይቀዋል። ጉዳዩም ለትንንሽ ልጆች ስለ ሰው፣ ስለ ቦታና ስለ ጊዜ እንዴት እናስተምር የሚል ነው። በታችኞቹ ክፍሎች ማኅበራዊ ሳይንስ ራሱን ችሎ ሳይሆን «አካባቢ ሳይንስ» በሚባለው ትምህርት ውስጥ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር ተጣምሮ ስለሚሰጥ፣ ብዙ መምህራን የአበባን ክፍሎችና የውኃን ዑደት በትጋት አስተምረው የሰውን ነገር በሁለት ክፍለ ጊዜ ይሸኙታል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንና የትምህርት ቤቶቹን ስም ትተን እናቀርባለን።

ጥያቄ

«በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በክፍሌ 62 ተማሪዎች አሉ። በዓመቱ ዕቅዴ ውስጥ ‹በአካባቢያችን የሚገኙ ታሪካዊ ቦታዎችና ቅርሶች› የሚል ርእስ አለ፤ ነገር ግን በእኛ አካባቢ ያለው ብሎክ፣ ኮብልስቶን፣ ሱቅና ያላለቀ ግንባታ ብቻ ነው። ሰፈሩ በዕድሜ ከተማሪዎቼ ብዙም አይበልጥም። አማራጭ ሳጣ የአክሱምን ሐውልትና የፋሲልን ግንብ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገለብጣለሁ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ይገለብጣሉ፤ አንድም ልጅ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ታሪክ በሌለው ሰፈር ታሪክን እንዴት ላስተምር?»

መልስ

ውድ መምህርት፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበኝ የቅርስ አለመኖር ሳይሆን «አንድም ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም» ያሉት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቤቱ እናቱን «ለምን?» እያለ ሲያሰለቻት የሚውል ፍጡር ነው፤ ክፍል ውስጥ ዝም ካለ የቀረበለት ነገር ከእርሱ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። መፍትሔው ግን እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ አለ። ሰፈሩ በዕድሜ ከተማሪዎችዎ ብዙም እንደማይበልጥ ጽፈዋል፤ እርስዎ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ይህ ነገር ለእኔ ሀብት መስሎ ይታየኛል። በፒያሳ የሚያስተምር ባልደረባዎ ሰፈሩ ሲመሠረት ያየ ሰው ቢፈልግ አያገኝም፤ የእርስዎ ተማሪዎች ወላጆች ግን አብዛኞቹ ራሳቸው መሥራቾች ናቸው።

በመጪው ዓርብ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ጥያቄዎች ይስጡትና ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ፦ እዚህ ከመምጣታችን በፊት የት ነበርን? ለምን መጣን? መጀመሪያ ስንመጣ ምን አልነበረም? የሚጽፍለት ሰው ያጣ ልጅ መልሱን በቃሉ ይዞ ይምጣ። ከሦስቱ አብልጬ የምወደው የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም ወላጆች «ምን ነበረ?» ሲባሉ አጭር መልስ ሰጥተው ያልፋሉ፣ «ምን አልነበረም?» ሲባሉ ግን ወሬው አያልቅም። መብራት አልነበረም፣ ታክሲ እስከ ዋናው መንገድ ብቻ ነበር፣ ውኃ በቦቴ ይመጣ ነበር፣ ማታ ማታ ጅብ ይጮኽ ነበር፣ እድሩ ገና አልተቋቋመም ነበር የሚሉ መልሶች ይመጡልዎታል። ሰኞ ዕለት 62 ቤት የሚናገረው ነገር ክፍልዎ ውስጥ ተከማችቶ ያገኙታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መደርደር ነው። ሰሌዳውን በሦስት ይክፈሉት፤ በአንደኛው ከየት እንደመጡ፣ በሁለተኛው ለምን እንደመጡ፣ በሦስተኛው ምን እንዳልነበረ ይጻፍ። ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ የመጡ አሉ፤ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ የመጡ አሉ፤ ከዚያው ሳይነቃነቁ ሰፈሩ እነርሱ ዘንድ የመጣባቸውም አሉ። ምክንያቱም እንዲሁ ልዩ ልዩ ነው፦ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው፣ የቀድሞ ቤታቸው ለልማት የፈረሰባቸው፣ ኪራይ ረከስ ያለበትን ፍለጋ የመጡ፣ ሥራ የጠራቸው። ልጆቹ ተመሳሳዮቹን በአንድ መስመር ሲያሰባስቡ፣ አንድ የጥናት ባለሙያ ስለ ሕዝብ ፍልሰት ሲመረምር የሚሠራውን ሥራ እየሠሩ ነው። «ፍልሰት» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ያን ጊዜ እንጂ ቀድመው አይሁን። ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ሳይኖር ከመጣ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ራሷ አንድ ጊዜ አዲስ ሰፈር እንደነበረች መንገር ይቻላል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ብርድ ወርደው የፍልውሃን ሙቅ ውኃ በወደዱት በእቴጌ ጣይቱና በተከታዮቻቸው ነው። ከዓመታት በኋላ የማገዶ እንጨት በማለቁ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ተማሪዎችዎን ወደ መስኮቱ ወስደው ያንን ያላለቀ ግንባታ ያሳዩአቸው። ሕንፃውን ከቦ የቆመው አጣና ከምን ዛፍ እንደተቆረጠ ይጠይቋቸው። ቅርስ የለም ባሉበት ሰፈር፣ የምኒልክ ዘመን ውሳኔ በሚስማር ተመትቶ ቆሞ ያገኙታል።

ጊዜን በተመለከተ ሌላ ችግር አለ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ከ1,700 ዓመት በፊት» ሲባል የሚሰማው «በጣም ድሮ» የሚል ብቻ ነው፤ አያቱም በጣም ድሮ ናት፣ ንጉሥ ኢዛናም በጣም ድሮ ነው። ለዚህ የምመክረው ሲባጎ ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ይስጡት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዕድሜ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ልጁ ሲባጎውን በእጁ ይዞ «ይኼ እኔ ነኝ» ይላል። የ70 ዓመት አያቱ ከእርሱ ቁመት ትበልጥ ይሆናል፤ 1 ሜትር ከ40 ናት። የ1888ቱ የዐድዋ ጦርነት ከሁለት ሜትር ተኩል ጥቂት ያልፋል፤ ያም የሁለት አያቶች ዕድሜ ተቀጣጥሎ የሚደርስበት ቅርብ ነገር መሆኑ ልጆቹን ያስደንቃቸዋል። የላሊበላ ዘመን 16 ሜትር ያህል ስለሚሆን ከክፍሉ በር ይወጣል፤ የኢዛና ዘመን 34 ሜትር ሆኖ ባንዲራው ጋ ይደርሳል። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽስ? 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነች ሲባጎው 64 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከመሃል አዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ ይገሰግሳል ማለት ነው። ይህን ትምህርት በሰጠሁበት ክፍል አንድ ልጅ «ታዲያ እስከዚያ ድረስ ሲባጎ ማን ይገዛል?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔም እንደ ትልቅ ድል ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በመምህራን ማሠልጠኛ «ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» የሚለውን መርሕ ሁላችንም ተምረናል፤ ከቤተሰብ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ሀገር እያልን ደረጃ በደረጃ እንወጣለን። መርሑ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንደ አጥር የቆጠሩት መምህራን አይቻለሁ። ልጅ ቅርቡን ብቻ የሚወድ ቢሆን ኖሮ ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ የሚነገረውን ተረት ባልሰማ ነበር፤ እኔ እስከማውቀው በየካ አባዶ አንበሳ የለም። ሩቁን በታሪክና በተረት፣ ቅርቡን በመጠየቅና በመለካት ማስተማር ይቻላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ሐሳብም ማንኛውም ትልቅ ጉዳይ ለልጁ በሚመች መልክ ቀርቦ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠለቀ እንዲመለስ የሚል ነበር። ስለዚህ የአክሱምን ሐውልት አይተዉት፤ ከሲባጎው በኋላ ያምጡት።

ስለ ተማሪው ብዛት አልጠየቁኝም፤ ግን 62 የሚለውን ቁጥር ሳነብ ቆም ብያለሁ። ሁሉንም ይዞ ከግቢ መውጣት ፈቃድም ልብም ይጠይቃል። በግቢው ውስጥ ያለውን ይጠቀሙበት፤ የምገባው ወጥ ቤት ብቻውን የአንድ ወር ትምህርት ነው። ስምንት ልጆች ያሉት አንድ ቡድን በየሳምንቱ ሄዶ ጤፉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በቀን ስንት እንጀራ እንደሚጋገር፣ ሥራውን እነማን እንደሚከፋፈሉት ምግብ የሚያበስሉትን እናቶች ጠይቆ ይምጣና ለሌሎቹ ይንገር። ምግቡ ለሁሉም አንድ ስለሆነ የማን ምሳ ዕቃ ሙሉ፣ የማን ባዶ ነው የሚል ኃፍረትም አይኖርም።

ጥያቄ

«ኮዬ ፈጬ የምኖር አባት ነኝ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ይዘት ከመቶ ከ90 በታች አምጥታ አታውቅም። ክልሎችን ከነዋና ከተሞቻቸው፣ ወንዞችን ከነርዝመታቸው ትሸመድዳለች። ባለፈው ሳምንት ግን አክስቷ በስልክ የቤታችንን አቅጣጫ ብትጠይቃት ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ብሎካችን ያለውን መንገድ ማስረዳት አልቻለችም። ሽምደዳውን ላስቆማት ወይስ ፈተና ስላለባት ልተዋት? ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ከተማ አቀፉ ፈተና ይጠብቃታል።»

መልስ

ወንድሜ፣ ሽምደዳን ብቻውን አልኮንነውም። የቆሎ ተማሪው ዳዊትን በቃሉ ይይዛል፤ ነገር ግን የቅኔ ቤት ሲገባ ያንን የያዘውን ሁሉ እየመዘዘ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ እንዲዘርፍ ይጠበቅበታል። አያቶቻችን በቃል የያዙትን ነገር ሥራ ያሠሩት ነበር። የእኛ ዘመን ትምህርት ከዚህ የወረሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው ቅር የሚያሰኘኝ።

ደግሞም በቃል የሚያዘው ነገር ምን እንደሆነ እንምረጥ። እኔ በልጅነቴ 14 ክፍለ ሀገራትን ከነዋና ከተሞቻቸው እንደ መዝሙር እል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎችን ሲዘረዝር አዲስ ዝርዝር ያዝኩ፤ አሁን ደግሞ ክልሎቹ 12 ሆነዋል፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ አስተዳደሮች እንደሆኑ። ዝርዝሩ ሲቀያየር ያልተቀየረው አዋሽ የሚፈስበት አቅጣጫ ነው። ልጅዎ የአዋሽን ርዝመት 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ብላ ትነግርዎታለች፤ እስቲ ከእርስዎ ቤት የሚደፋው ውኃና በጣሪያችሁ ላይ የዘነበው ዝናብ የት እንደሚደርስ ይጠይቋት።

መልሱን አብራችሁ ፈልጉት። የአዲስ አበባ ወንዞች ተሰባስበው ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ ሁለቱ ከከተማው በስተደቡብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽም ሞጆንና መተሐራን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ይህን አንድ ጊዜ የተከተለ ልጅ መሃል ከተማ ወንዝ ውስጥ የሚጣለው ቆሻሻ ታች ያለውን አትክልት አምራችና ከብት አርቢ እንዴት እንደሚያገኘው ሳይነገረው ይረዳል። የሚጠጣው ውኃስ? በቧንቧ የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ጥያቄ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ሮቶው ሞልቶ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በቀን ስንት ጀሪካን እንደምትጠቀሙ ልጅዎ ለአንድ ሳምንት ትመዝግብ፤ ማን አብዝቶ እንደሚያፈስ ስታውቅ ግን ቤቱ ውስጥ ሰላም እንደሚደፈርስ አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ።

ስለ መንገዱ ያነሱት ነገር ቀላል መፍትሔ አለው። ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ቤት ስትመጡ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ፣ እርሷ ትምራ። ቤት ስትገቡ መንገዱን በወረቀት ትሣል፤ ወረቀቱን ለአክስቷ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት። አክስቲቱ በዚያ ካርታ ከመጣች ልጅዎ ከመቶ መቶ አገኘች ማለት ነው። ከጠፋች ደግሞ የትኛው ምልክት እንደጎደለ ራሷ ታየዋለች። ልጆች ሁልጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ሊንቀሳቀስ የሚችለውን ነገር ምልክት ያደርጋሉ። ያቺ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ሁልጊዜ እዚያ እንደማትገኝ ለመረዳት አንድ ሰው መጥፋት አለበት።

ስለ ስድስተኛ ክፍሉ ፈተና ጭንቀትዎን አልነቅፍም፤ ፈተናው አለ፣ ውጤቱም ይቆጠራል። ሆኖም የሚገባትን ነገር የያዘች ልጅ ከፈተናው በፊት ስሙንና ቁጥሩን ለመያዝ ጥቂት ምሽቶች ይበቁዋታል፤ ስሙን ብቻ የያዘችው ግን በየዓመቱ ከዜሮ ትጀምራለች። የወላጅ ስብሰባ ሲኖር በተከታታይ ምዘናው ውስጥ «ዘርዝሪ» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ለምን ይመስልሻል?» የሚል አንድ ጥያቄ እንዲገባ በትሕትና ይጠይቁ።

ጥያቄ

«በቱሉ ዲምቱ አካባቢ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስለ ሰፈራችን ስንወያይ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ ‹ይህ ትምህርት ቤት ያለበት ቦታ የአያቴ እርሻ ነበር› አለ። ሌላው ‹ታዲያ ለምን ሸጡት?› ሲለው ልጁ አለቀሰ። እኔም ደንግጬ ርእሱን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰፈሩ ማስተማር ፈርቻለሁ። ማንሣት የለብኝም?»

መልስ

መምህር፣ በድንጋጤ ርእስ መቀየርዎ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ማናችንም ያንን እናደርግ ነበር። ያንን ልጅ ግን ዝም አሰኝተው አይተዉት። ክፍልዎ ውስጥ ካሉት ሁሉ ስለዚያ መሬት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ የተነገረው ነገር እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ከታለፈ ሁለተኛ እጁን አያነሣም።

ለመሬቱ የተከፈለው ካሳ ተገቢ ነበር አልነበረም፣ ማን ተጎዳ ማን ተጠቀመ የሚለው ክርክር የአራተኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም፤ አንድ መምህርም በ40 ደቂቃ የሚዳኘው አይደለም። ነገር ግን እዚያ እርሻ እንደነበረ እውነት ነው፤ እውነትን ልጅ እንዲናገር መፍቀድ ደግሞ የማኅበራዊ ሳይንስ የመጀመሪያ ሥራ ነው። የምመክረው አያቱ ፈቃደኛ ከሆኑ አንድ ጧት እንዲመጡ ነው። ስለ ቅሬታቸው ሳይሆን ስለ ሙያቸው ይጠየቁ፦ ምን ይዘሩ ነበር፣ ጤፍ ወይስ ስንዴ፣ ሽምብራ ወይስ ጓያ? አንድ ጥማድ በሬ በቀን ምን ያህል ያርስ ነበር? ዋልካው መሬት በክረምት ሲጨቀይና በበጋ ሲሰነጣጠቅ እንዴት ይይዙት ነበር? ዋልካን ተማሪዎችዎ በደንብ ያውቁታል፤ በክረምት ጫማቸውን ይዞ የሚያስቀረው እርሱ ነው። ለእህል ጥሩ የነበረው ያ አፈር ሲያብጥና ሲኮማተር ቤትን ስለሚሰነጥቅ ግንበኞች ለመሠረት በጥልቀት እንደሚቆፍሩም ከሰፈሩ ግንበኛ አንዱ ያስረዳ። አርሶ አደሩና ግንበኛው በአንድ አፈር ላይ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ልጆቹ ይስሙ። ከመምጣታቸው በፊት ግን እርስዎ ብቻዎን ቤታቸው ሄደው ቡና ይጠጡ፤ ምን መናገር እንደሚወዱና ምን እንደማይወዱ እዚያ ይገባዎታል።

የቦታ ስምም መልካም በር ነው። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቋንቋው ስለሚሰጥ ከተማሪዎችዎ ብዙዎቹ ይህን ራሳቸው ሊፈቱት ይችላሉ። «ለገ» ወንዝ መሆኑን ሲያውቁ ለገጣፎንና ለገዳዲን ይለያሉ። ያን ጊዜ አንዱ ብልጥ ተነሥቶ «ለገሃርስ?» ማለቱ አይቀርም፤ እርሱ ግን ወንዝ ሳይሆን በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ከጂቡቲው ባቡር ጋር የመጣ ስም ነው። ብሎኮቹ ቁጥር ብቻ ሲኖራቸው መሬቱ ከእነርሱ በፊት ስም እንደነበረው ልጆቹ ሲያውቁ፣ ያለቀሰው ልጅ አያት የሰፈሩ እንግዳ ሳይሆኑ ባለ ዕውቀት ሆነው ይታያሉ።

ሳቅ ወይም ፌዝ ከተነሣ እዚያው በግልጽ ያስቁሙት። «ለምን ሸጡት?» ያለው ልጅ ግን ክፉ አይመስለኝም፤ የሰማውን ነው የጠየቀው። ለብቻው ጠርተው «ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ለአያትየው በአክብሮት እንዴት ብለህ ትጠይቃቸዋለህ?» ብለው ቢያለማምዱት ይሻላል።

ይህ ጥንቃቄ በሌላም ቦታ ያስፈልጋል። «የአባትና የእናትህን ሥዕል ሥለህ ና» የሚለው የቤት ሥራ እናቱ ዓረብ ሀገር ላለች፣ ከአክስቱ ጋር ለሚኖር ወይም አባቱን ለማያውቅ ልጅ ቅጣት ነው። «በቤትህ አብረውህ የሚኖሩትን ሰዎች ሣል፤ እያንዳንዱ ለቤቱ የሚሠራውን ሥራ ጻፍ» ቢባል ትምህርቱ ሳይጎድል ሁሉም ልጅ ወረቀቱን ሞልቶ ይመጣል።

ጥያቄ

«ልጆች አቅጣጫ ይጠፋባቸዋል። ‹ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ፤ ፊት ለፊታችሁ ሰሜን ነው› ብዬ አስተምራለሁ፤ ክፍል ውስጥ ግን ሰሜን ማለት ሰሌዳው፣ ወይም ኮርኒሱ ይመስላቸዋል። ካርታ ስሰቅል ደግሞ ወንዝ ወደ ደቡብ ሲፈስ ‹ወደ ታች› ይላሉ። ምን ይሻላል? — ከለቡ፣ የሁለተኛ ክፍል መምህርት»

መልስ

ካርታውን ግድግዳ ላይ አይስቀሉት፤ መሬት ላይ ያንጥፉት፣ የካርታው ሰሜን በእውነት ወደ ሰሜን ይዙር፣ ልጆቹም ዙሪያውን ይቀመጡ። ኮርኒሱ ሰሜን የሆነው ካርታው ስለተሰቀለ ነው። ከዚያም አስቀድሞ ካርታ ከላይ የታየ ነገር መሆኑን ይወቁ። በዚህ የኮንዶሚኒየም ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ቁልቁል ግቢውን ሲያይ የሚታየው ካርታ ነው ማለት ይቻላል፦ ሰዎቹ ጭንቅላት ብቻ፣ ሮቶው ክብ፣ መኪናው ሬክታንግል ሆኖ ይታያል። ቤታቸው ፎቅ ላይ ለሆነ ልጆች ይህን ሥለው እንዲመጡ ይንገሯቸው፤ ለሌሎቹ የክብሪት ቀፎና የውኃ ኮዳ ክዳን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያቸውን በእርሳስ እንዲሥሉ ያድርጉ፤ ዕቃው ሲነሣ ካርታው ይቀራል።

ቋሚ ምልክትም ይስጧቸው። ከአብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ሲታይ እንጦጦ በሰሜን በኩል ነው፤ ከለቡ ሜዳ ቀና ብለው ሲያዩ ከከተማው ወዲያ የሚታየው ተራራ እርሱ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ጧት መላ ክፍሉን አሰልፈው ያሳዩአቸው።

የቀኝ እጁ ዘዴ ጠቃሚ ቢሆንም በጥብቅ ካየነው ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በመስከረምና በመጋቢት ወር አጋማሽ ገደማ ነው። ጥላን በተመለከተም ከሌላ ሀገር የመጣ መመሪያ እዚህ ሊያሳስት ይችላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ሆና ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን ይወድቃል። በመካከሉ ጥላ የሚጠፋባቸው ሁለት ቀናት አሉ፤ አንዱ በሚያዝያ 6፣ ሌላው በነሐሴ 22 ገደማ ነው። የነሐሴው በደመናና በእረፍት ስለሚያልፍ የሚያዝያውን ይያዙ። ቀጥ ያለ ዱላ ግቢው መሃል ይትከሉና ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ልጆቹ የጥላውን ጫፍ በየአምስት ደቂቃው በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ስድስት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጥላው ዱላው ሥር ይገባል። በዚያ ዕለት ደመና ከሆነ በማግሥቱ ቢሞክሩትም ልዩነቱ በዓይን አይታወቅም።